ሰሞኑን ምን ፊልም አያችሁ? ከማን ጋር?

የሳሪሷ

እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው እሁድ ከእማዬ ጋር «ላምብ»ን አየን። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም መሆኑን ስሰማ ኖሬያለሁ። ለማየት የታደልኩት ግን አሁን ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤፍሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እናቱን ድርቁ ወስዶበታል። አባቱ ከተማ ሄዶ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ዘመድ ቤት ትቶት ይሄዳል። ለልጁ ከቤቱ የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ብቻ ናት። አጎቱ ደግሞ በጓ ለመስቀል እንድትታረድ ቆርጧል። ኤፍሬም እርሻው አይሆንለትም። ምግብ ግን ይችልበታል፣ ከእናቱ ተምሯል። ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይሸጣል። የመሳፈሪያ አጠራቅሞ ቹኒን ይዞ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው ሐሳቡ።

እማዬ ፊልም ስታይ ዝም አትልም። የቃናን ተከታታይ ስታይ ከተዋናዮቹ ጋር ትጣላለች። እሁድ ዕለት ግን ቃል አልወጣትም። ልጁ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲያበስል «እጁን እይው። የወንድሜን እጅ አይመስልም?» አለችኝ።

አጎቴ ዶሮ ወጥ ይሠራል። ከቤተሰባችን ወንዶች ጓዳ የሚገባ እሱ ብቻ ነው። ሽንኩርቱን እንደ ዱቄት ያደቅቀዋል። አሥራ ሁለቱን ብልት አንዱንም ሳያበላሽ ያወጣል። እኛ ልጆች ዝም ብሎ የሙያ ፍቅር ይመስለን ነበር። ለካ በ1982 ዓ.ም. የግዳጅ ውትድርናውን አፈሳ ሽሽት ስምንት ወር ሙሉ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሳሎን እንኳ የሚወጣው ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። አያቴ «እንዲሁ ተቀምጠህ ከምትብሰለሰል» ብላ ቢላዋ ሰጠችው። መክተፍ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ይህን ታሪክ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

እና እናንተስ? ሰሞኑን ምን አያችሁ? ከማን ጋር? የፊልም ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እኔም አይደለሁም።

አዳማ 07

እህቴ ታሪክሽ ደስ ይላል። ስለ ፊልሙ ግን ትንሽ ልከራከርሽ። «ላምብ» ዓይን ያጠግባል። ተራራው፣ ጭጋጉ፣ አረንጓዴው ሁሉ ልክ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ንግግሩ ነው። የገጠር ሰው እንዲህ በአጭር በአጭሩ አይናገርም። አያቴ አንድ ነገር ለመናገር መጀመሪያ ተረት ትተርታለች፣ ከዚያ ትረግማለች፣ ከዚያ ትመርቃለች። እዚያ ፊልም ላይ ሁሉም ሰው ቃል የሚቆጥብ ይመስላል። አንዳንዴ ውጭ አገር ላለ ተመልካች ሲባል የተከረከመ መሰለኝ።

የልጁን ትወና ግን ምንም አልልም። ከበጓ ጋር ሲተኛ ያለው ነገር እውነት ነው። ትወና አይመስልም።

የሳሪሷ

አዳማ 07፣ ስለ ንግግሩ ልክ ሳትሆን አትቀርም። እኔም አንዳንድ ቦታ ታዝቤያለሁ። ግን ልጁ ሐዘን ላይ ነው፣ ዝም ማለቱ ተስማምቶኛል። አያትየዋ ጅራፍ ይዛ ስትቆጣ ደግሞ እማዬ ሳቀች። «እናቴ ቁርጥ!» አለች።

የሪያድ ጓዳ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። እኔ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ምግብ አብሳይ ነኝ። ፊልም የማየው ማታ ማዳም ከተኛች በኋላ ነው። ስልኬን ትራሱ ላይ አቆምና ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደርጋለሁ። አንዱን ፊልም ሁለት ሦስት ሌሊት ከፋፍዬ ነው የምጨርሰው። ከማን ጋር ላልሽው፣ አብራኝ ከምትሠራው የጅማ ልጅ ጋር ነው። አንዱን ማዳመጫ እሷ፣ ሌላውን እኔ።

ሰሞኑን በዩቲዩብ አራት አምስት የአማርኛ ፊልም አየን። ስማቸውን ባልጠራ ይሻላል፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ትልቅ ቪላ፣ ነጭ ሶፋ፣ ሀብታም ልጅ፣ ድሀ ልጅ። ሠራተኛዋ ሻይ ይዛ ትገባለች፣ አስቀምጣ ትወጣለች። ስም እንኳ የላትም። ጓደኛዬ «ካሜራው እሷን ተከትሎ ኩሽና ቢገባ ኖሮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዋናው ወሬ ያለው ኩሽና ነው፣ እኛ እናውቃለን።

አረብ አገር ስለሄዱ ልጆች የሚሠራውም ሁሌ ከፎቅ ወድቃ ነው የሚያልቀው። ያ የለም አልልም፣ አለ። የማውቃት ልጅ ላይ ደርሷል። ግን ስድስት ዓመት ሠርታ ለእናቷ ቤት ያሠራችውስ? ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ አልታደስ ብሎ ሌሊት እንቅልፍ ያጣችውስ? የወንድሟን ሠርግ በቪዲዮ ጥሪ ቆማ ያየችውስ? ይህን የሚሠራ ሰው ካለ እኔ ሳልከፋፍል በአንድ ሌሊት አየዋለሁ።

«ላምብ»ን ዛሬ ማታ እንጀምራለን። ሳምቡሳ ሻጭ ልጅ ከሆነማ የኛ ሰው ነው።

ጤና አዳም

የሪያዷ እህቴ፣ ፈጣሪ ይጠብቅሽ። ኩሽናውን ያልሽው ልቤን ነክቶታል።

እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። በቀደም «ድፍረት»ን ከአያቴ ጋር አየሁት። ብዙ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይም በርሊን ፌስቲቫል ላይም ተመልካቹ መርጦ የሸለመው። መነሻው አርሲ ውስጥ የተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች። የጠላፊውን ጠመንጃ ይዛ ታመልጣለች። ሲከቧት ተኩሳ ትገድለዋለች። ከዚያ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ልትከራከርላት ትመጣለች።

መጀመሪያ ላይ ሂሩት ወደ አምስተኛ ክፍል ማለፏን ሰምታ በደስታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ወዲያው ፈረሰኞቹ ይመጣሉ። አያቴ የፈረሱን ኮቴ እንደሰማች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ገና ሰዎቹ በደንብ ሳይታዩ ነው።

አያቴም በጠለፋ ነው ያገባችው። ይህን ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። ፊልሙ ሲያልቅ «ልጅቷ ጠመንጃ አገኘች፣ እኔ ምን ላገኝ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ፊልሙ ከግማሽ በኋላ ወደ ጠበቃዋ ያደላል። ቢሮ፣ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ይበዛል። ልጅቷ ወደ ዳር ትሄዳለች። እኔ ከልጅቷ ጋር መቆየት ፈልጌ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲከራከሩ ግን በጣም ልክ ነው። ማንም ጭራቅ ሆኖ አልተሳለም። ክፉ ነገር የሚናገሩት በለዘበ አንደበት ነው፣ ልክ እንደኛ ሰፈር ሽማግሌዎች።

ርዕሱን ደግሞ እዩት። በኛ ቋንቋ ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። ይህን ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ በትርጉም አያገኘውም።

አዳማ 07

ጤና አዳም፣ የአያትሽን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜ ይስጥልሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕግ አጥንቻለሁ። በድሮው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከክስ ይድን ነበር። አሁን ያለው የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ያ ቀዳዳ ተዘጋ። ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ፊልሙ ላይ መዓዛ ስትናደድ ተመልካቹ ይህን ቢያውቅ ንዴቷ የበለጠ ይገባዋል። ሽማግሌዎቹ ብቻ አልነበሩም ልጅቷ ላይ የቆሙት፣ የሕግ መጽሐፉም ነበር። መዓዛ ራሷ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና ሠርታለች።

ሠርክ ጸሎት

እኔ «ፋያ ዳዪ»ን አየሁ፣ የጄሲካ በሺርን። ሐረር ነው፣ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ስለ ጫት ነው። ብቻዬን አይቼ መጀመሪያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሁለተኛ ከወንድሜ ጋር አየሁት። ወንድሜ ድሮ ይቅም ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀም። «ምርቃና እንዲህ ነው፣ ሰዓቱ የሚቀልጠው» አለኝ። ታሪክ ከፈለጋችሁ አታገኙም። ጭስና ድምፅ ነው። እኔ በሁለተኛው ወድጄዋለሁ።

ዲሲ ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት። ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ፣ ፊልም የማየው ሰኞ ብቻ ነው። ባለፈው ሰኞ ከልጄ ጋር «ጤዛ»ን አየን። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ መናገር ላይ ይቸገራል። ዲስኩን ከሳንኮፋ ከገዛሁት ቆይቷል። ሳንኮፋ ማለት የፊልሙ ሠሪ ጋሽ ኃይሌ ገሪማና ቤተሰቡ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈቱት የመጽሐፍና የፊልም ቤት ነው።

«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወስዷል። በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን፣ የአፍሪካን የፊልም ፌስቲቫል፣ ትልቁን ሽልማት አገኘ። ለልጄ ይህን ስነግረው ብዙም አልገረመው። እሱን የገረመው ሌላ ነው።

አንበርብር ጀርመን አገር ተምሮ፣ አብዮቱን አይቶ፣ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው የእናቱ ቤት ይመለሳል። ልጄ ከታች የሚጻፈውን ያነባል፣ እኔ በጆሮዬ እሰማለሁ። ጽሑፉ ከንግግሩ ይቀድማል። እሱ ቀድሞኝ ይስቃል፣ እኔ ተከትዬ እስቃለሁ። ጀርመን ውስጥ ዘረኞች ጥቃት ሲያደርሱበት ግን አልሳቀም፣ አላነበበም። «አባዬ፣ አንተንስ ነክተውህ ያውቃሉ?» አለኝ በአማርኛ። ሁሌ በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቀኝ።

መለስኩለት። በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚህ ስመጣ አንድ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ሠራተኛ ነበርኩ። እዚያ ያጋጠመኝን ነገርኩት። ሚስቴም አታውቀውም ነበር፣ በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

አዳማ 07

ዲሲ ማዶ ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው፣ ግን «ጤዛ» ረዝሞብኛል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ደግሞ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ሕልም ይሁን ትዝታ አይታወቅም። ግማሹ ላይ የትኛው ዓመት ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ።

ቪዲዮ ቤት

ልጄ አዳማ፣ እኔ ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ፣ አግዳሚ ወንበር። መብራት ሲጠፋ ሰው አይወጣም ነበር፣ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የህንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ረዘመ ያለኝ ሰው አልነበረም። ቋንቋውን ማንም አያውቅም። ሲለቀስ ያለቅሳሉ፣ ሲዘፈን ያጨበጭባሉ። ፊልም የሚረዝመው ሰውየው ማን እንደሆነ ግድ ሳይሰጥህ ሲቀር ነው። አንበርብር ላንተ ሩቅ ነው። ለኔ ግን የክፍል ጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም ልክ ነን።

ዓመቱ ጠፋብኝ ላልከው፣ ለሰውየውም ጠፍቶበታል። ከዚያ ዘመን ወጥተን የመጣን ሰዎች ትዝታችን በተራ አይመጣም። አንዱ ሲነሳ ሌላውን ይጎትታል። ከቻልክ በሁለት ቀን ከፍለህ እየው። እንደ ሪያዷ ልጅ።

እኔ ሰሞኑን ያየሁት የጋሽ ኃይሌን የቀደመውን ነው፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በሁለት ሳምንት ነው የተቀረፀው፣ ንጉሡ ወርደው አዲሱ መንግሥት ገና ሳይደላደል። ተዋናዮቹ የታወቁ የመድረክ ሰዎች አይደሉም፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። እውነቱን የሚናገረው ሰው እንደ እብድ የሚቆጠረው ነው። ባለርስቱ ደጃፉ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲሳደብ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ጭሰኛ ነበር። እንዲህ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሲሰደብ ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ።

የሚያሳዝነኝ የድሮዎቹን ማየት የማይችል ሰው ብዙ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ነው የወጣው። ከናንተ ስንቶቻችሁ አይታችሁታል?

አዳማ 07

ጋሼ፣ እሺ። ቅዳሜ ግማሹን፣ እሁድ ግማሹን አየዋለሁ። ቃሌ ነው። «ሂሩት»ን ስሙን ብቻ ነው የማውቀው።

የአሽዶዷ

ሰላም ከእስራኤል። የሳሪሷ እህቴ፣ የአጎትሽን ነገር ሳነብ አንድ ፊልም ልነግርሽ ግድ ሆነብኝ። በዕብራይስጥ ስሙ የበለስ ዛፍ ማለት ነው። የሠራችው አለምወርቅ ዳቪድያን የኛው ቤተ እስራኤል ናት። በልጅነቷ ከአዲስ አበባ የመጣች። እ.ኤ.አ. በ2018 ቶሮንቶ ላይ ተሸልሟል። ንግግሩ አማርኛ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1989 ነው፣ አዲስ አበባ። ሚና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ለመሄድ ወረፋ ላይ ነው። የምትወደው ልጅ ግን ክርስቲያን ነው፣ እና ከአፈሳው ተደብቆ ነው የሚኖረው። እሷ ሄዳ እሱ እንዳይቀር የማታደርገው የለም። ወታደሮቹ ወጣቱን እየለቀሙ መኪና ላይ ሲጭኑ አዳራሹ ውስጥ ከኋላዬ የነበረች አንዲት እናት «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ማንም ዞሮ አላየም። ሁላችንም የምናውቀው ጩኸት ነበር።

ሌላም አለ። ባዚ ጌቴ የሠራው «ቀይ ቅጠሎች»፣ እ.ኤ.አ. 2014። ደበበ እሸቱ ነው ዋናው። ሚስቱ የሞተችበት የሰባ አራት ዓመት አባወራ ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ቤት እየዞረ ሊኖር ይነሳል። እሱ አማርኛ ይናገራል፣ ልጆቹ ብዙውን በዕብራይስጥ ይመልሳሉ። እንደ አገሩ ልማድ ሊከበር ይፈልጋል። ልጆቹ ደግሞ ሥራ አለባቸው፣ ትዳር አለባቸው። ከአባቴ ጋር ነው ያየሁት። አባቴ ሲያልቅ «ሰውየው አጥፍቷል» አለ። ትንሽ ቆየና «ግን ወንበሩን ለምን አይለቁለትም?» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ሲገባ ልጆቼ ብድግ ይላሉ። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።

የሪያድ ጓዳ

«ላምብ»ን ጀመርን። ልጁ አባቱ ትቶት ሲሄድ አቆምነው። ጓደኛዬ ልጅ አላት፣ አገር ቤት እናቷ ጋ። ነገ እንቀጥላለን።

ጤና አዳም

አይዟችሁ። ቀስ ብላችሁ እዩት። እኛ እዚህ አለን።

የሳሪሷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአሽዶዷ እህቴ፣ ያልሽውን ፊልም እየፈለግሁ ነው። እስከዚያ ድረስ የዲሲው ወንድማችን ስለ «ጤዛ» ሲያወራ አጎቴ ትዝ አለኝና ትናንት ማታ ቤታችን ጠራሁት። ዶሮውን ራሱ ሠርቶ ነው የመጣው።

መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ያያል። የመንደሩ ወጣቶች ከወታደሮቹ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ሲታዩ ከወንበሩ ወደ ፊት ቀረበ። «እነዚህ ልጆች ምን ይበላሉ?» አለ። እኔ ስለ መሳሪያ፣ ስለ መያዝ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። «ምግቡን ማን ነው የሚያደርስላቸው? ከታየችስ?» አለ እንደገና።

እማዬ «እኔ ነበርኩ» አለች።

አጎቴ ዞሮ አያት። «አንቺማ ጓዳ ድረስ ነው። እነዚህ ዋሻ ናቸው» አላት። እሷ ደግሞ የአብዮት ጥበቃው ሌሊት በሩን ያንኳኳ ዕለት እንጀራውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ እንደነበረች ትናገራለች። እሱ «ያን ዕለት አንቺ ተኝተሻል፣ የከፈተችው እማማ ናት» ይላል። እሷ ትምላለች። እሱ ይምላል። ምጣዱ ላይ ሦስት እንጀራ ነበር ትላለች። አምስት ነው ይላል። ፊልሙን አቆምኩላቸው። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ድረስ የዚያን ቤት በር፣ የዚያን ቤት ምጣድ፣ የጎረቤቱን ውሻ ስም ሳይቀር አንድ በአንድ አነሱ።

ገና አርባ ደቂቃ ይቀረዋል። ዛሬ ማታ ይመጣል፣ እንጨርሰዋለን።